አልወጣ ያለው የኋላ አክስል፦ በአዘዞ የተሠራ የባለ አራት ጎማ ሞተር ጥገና የጉዳይ ጥናት

ባለፈው መስከረም፣ የመስቀል በዓል ካለፈ በሦስተኛው ቀን፣ አዘዞ ወደሚገኘው ጋራዣችን አንድ ባለ አራት ጎማ ሞተር በኢሱዙ ተጭኖ መጣ። ባለንብረቱ በደምቢያ ሜዳ፣ የመገጭ ወንዝ ወደ ጣና ከሚገባበት ብዙም ሳይርቅ፣ ሽንኩርትና ቲማቲም በመስኖ የሚያለሙ በዕድሜ የገፉ ገበሬ ናቸው። ሞተሩን ያገለገለ ሆኖ ከአዲስ አበባ ገዝተው ካመጡት ሁለት ክረምት አልፎታል። የሚጠቀሙበትም የችግኝ ሣጥን፣ የመርጫ መሣሪያና ለውኃ ፓምፑ የሚሆን ነዳጅ ከመንገድ ዳር እስከ ማሳው ለማመላለስ ነው። ሜዳው ዋልካ ስለሆነ በክረምት መኪና አይገባበትም፤ አህያም ብትሆን ጭቃው እስከ ጉልበቷ ይውጣታል። ስለዚህ ይህ ሞተር ለእርሳቸው የሥራ መሣሪያ እንጂ የሽርሽር ዕቃ አልነበረም፤ በቆመባቸው በእያንዳንዱ ቀን ሸክሙ ወደ ልጆቻቸው ጀርባ ይዛወራል።

ችግሩ የጀመረው በነሐሴ ወር ነው። የኋላ ጎማዎቹ ሲሄዱ መወላገድ፣ ከሥራቸውም የሚፈጭ ድምፅ መሰማት ጀመረ። ኩሽኔታዎቹ፣ ማለትም ዘንጉ የሚዞርባቸው ባለ ኳስ ቀለበቶች፣ እንዳለቁ ማንም ሰው ይረዳዋል፤ ኩሽኔታ ለመቀየር ግን አክስሉ፣ ማለትም ጎማዎቹን የሚያዞረው ዘንግ፣ መውጣት አለበት፣ አክስሉም አልወጣም። ወደ እኛ ከመምጣቱ በፊት ሌላ ጋራዥ ሦስት ቀን ሙሉ ተሞክሮ ነበር። ሞተሩን ስንቀበለው የአክስሉ የቀኝ ጫፍ በመዶሻ ብዛት እንደ እንጉዳይ አናት ተዘርግቶ፣ ዳዶው (ባለ ጥርስ ማሰሪያው) የሚጠመዘዝበት ጥርስ ሩቡ ያህል ተኝቶ ነበር። የግራው ጫፍም አልዳነም፤ መጠነኛ የመዶሻ ምልክት ይታይበታል።

ይህን ጉዳይ በዝርዝር ለመጻፍ ያነሣሣኝ፣ አልወጣ ላለ አክስል አብዛኞቻችን የምንሰጠው መልስ ከፍ ያለ መዶሻ መሆኑና የተያዘው የት ላይ እንደሆነ ለይቶ መጠየቅ ግን የሚረሳ መሆኑ ነው። እኔም በመጀመሪያው ሙከራዬ በዚያው ስሕተት ወድቄአለሁ፤ የሆነውንም ሳልደብቅ እጽፈዋለሁ።

የአክስሉ አሠራር

የዚህ ዓይነቱ ሞተር በሰንሰለት የሚነዳ ሲሆን፣ የኋላ አክስሉ እንደ መኪና ግራና ቀኝ የተከፈለ አይደለም። ከአንዱ ጎማ እስከ ሌላው ጎማ አንድ ወጥ ዘንግ ነው። በወፍራም የኩሽኔታ ቤት ግራና ቀኝ አፍ ላይ በተቀመጡ ሁለት ኩሽኔታዎች ውስጥ ያልፋል፤ በሁለቱ ኩሽኔታዎች መካከልም እንዳይጠጋጉ የሚያደርግ ማራራቂያ ቱቦ በአክስሉ ላይ ተሰክቷል። ከግራው ኩሽኔታ ውጭ ሰንሰለቱ የሚያዞረው ባለ ጥርስ ኮሮና፣ ከቀኙ ኩሽኔታ ውጭ የፍሬኑ ዲስክ ይገኛል። የዲስኩ ሞዞ፣ ማለትም ዲስኩን ከአክስሉ ጋር የሚያያይዘው እምብርት፣ በአክስሉ ላይ ርዝመቱን ተከትለው በተቆረጡ ጥርሶች ላይ ይሰካና፣ አንዱ ሌላውን በሚያጠብቅ ጥንድ ትልልቅ ዳዶ ይታሰራል። ከሁሉም ውጭ፣ በሁለቱ ጫፎች ላይ፣ የጎማዎቹ ሞዞዎች አናቱ እንደ ዘውድ በተቆረጠ ዳዶና ዳዶው እንዳይፈታ በሚሰካ ሽቦ (ኮፒሊያ) ይያዛሉ።

አንድ ነገር እዚህ ላይ መታወቅ አለበት። ከግራው ኩሽኔታ ውጭ ያለው የአክስሉ ክፍል ወፈር ብሎ ትከሻ ይሠራል፤ ያ ትከሻ በግራው ኩሽኔታ የውስጥ ቀለበት ላይ ይደገፋል። ስለዚህ አክስሉ የሚወጣው ከቀኝ ተገፍቶ ወደ ግራ ብቻ ነው። ከግራ የሚመታው ሰው ትከሻውን ከኩሽኔታው ጋር እያጋጨ፣ ኩሽኔታውንም ከቤቱ ወለል ጋር እያጣበቀ፣ የበለጠ ያጠብቀዋል። በሌላ ሞተር ላይ አቅጣጫው ተቃራኒ ሊሆን ይችላል፤ ከመጀመሪያው ምት በፊት ትከሻው በየትኛው በኩል እንዳለ በዓይንና በጣት ማረጋገጥ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። በግራው ጫፍ ላይ የነበረው የመዶሻ ምልክት ይህ ማረጋገጫ እንዳልተደረገ ነግሮናል።

ባለንብረቱን ስጠይቃቸው ሌላም ነገር ነገሩኝ። የዲስኩን ጥንድ ዳዶዎች ስለመፍታት ሳነሣ፣ «ልጄ፣ እነሱስ አላስቸገሩም፤ በእጅ ነው የፈቷቸው፣ ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር» አሉኝ። በዚያን ሰዓት ይህን ንግግር በመልካም ዜናነቱ ተቀበልሁት። እነዚያ ዳዶዎች ግን በረዥም ኪያቬ ሁለት ሰው ታግሎ የሚፈታቸው መሆን ነበረባቸው። የነገሩ ሁሉ ሥር በዚያች ዓረፍተ ነገር ውስጥ እንደነበር የገባኝ በአራተኛው ቀን ነው።

የተያዘበትን ቦታ ፍለጋ

ሞተሩን በእንጨት ጉማጅ ላይ አቆምነው፣ የፊት ጎማዎቹን በድንጋይ ከላን፣ የኋላ ጎማዎቹንና ሰንሰለቱን አወጣን። የባትሪውን ገመድ አላቀቅን፤ በኋላ እሳት መጠቀማችን እንደማይቀር ስለገመትሁ የነዳጅ ታንኩንም አውርደን ከጋራዡ ውጭ አስቀመጥነው። የፍሬኑን መያዣ ከዘይት ቱቦው ሳንነቅል ፈትተን፣ ቱቦው እንዳይጎተት በሽቦ አንጠለጠልነው።

አክስሉ ሊያዝ የሚችልባቸው ሦስት ቦታዎች ነበሩ፦ የዲስኩ ሞዞ፣ የቀኙ ኩሽኔታ የውስጥ ቀለበትና ማራራቂያ ቱቦው። የግራው ኩሽኔታ ቢጣበቅ እንኳ እንቅፋት አይሆንም፤ አክስሉ ወደ ግራ ሲወጣ ኩሽኔታውን ይዞት ሊወጣ ይችላልና። የቀኙ ግን ከበስተግራው የቤቱ ወለል ስለሚይዘው አብሮ መሄድ አይችልም፤ አክስሉ የግድ በእርሱ ውስጥ መንሸራተት አለበት።

የዲስኩ ሞዞ እንደተጣበቀ ለማወቅ ምርመራ አላስፈለገም፤ ዲስኩ አሁንም በቦታው ነበር። የቀደሙት ሰዎች ዳዶዎቹን ከፈቱ በኋላ ሞዞውን ትተው አክስሉን ይመቱ ነበር። ይህ ማለት በእያንዳንዱ ምት ሞዞው ከቀኙ ኩሽኔታ ቀለበት ጋር እየተጋጨ፣ ግድግዳን በመዶሻ እንደመግፋት ነው የሚሆነው። ሦስት ቀን ሙሉ ጉልበት የፈሰሰው በዚህ ላይ ነበር።

ለቀኙ ኩሽኔታ ያደረግነው ምርመራ ቀላል ነው። የውጭውን የጎማ ማሸጊያ አውጥተን፣ ከአክስሉ ላይ ጀምሮ የውስጥ ቀለበቱን አቋርጦ የሚያልፍ አንድ የጠመኔ መስመር አሠመርን። ረዳቴ የኮሮናውን ሞዞ ይዞ አክስሉን በዝግታ ሲያዞረው መስመሩ ሳይቆረጥ አብሮ ዞረ። ኳሶቹ እየተንቋቁ ቢሆንም ይዞራሉ፤ ቀለበቱ ግን ከአክስሉ ጋር አንድ ሆኗል። ስለዚህ «ኩሽኔታው ነክሶ ይዞታል» የሚለው የተለመደ አባባል በዚህ ጉዳይ ላይ ትክክል አልነበረም። ነክሶ የቆመ ኩሽኔታ ጨርሶ አይዞርም። እዚህ የያዘው በቀለበቱ ውስጠኛ ገጽና በአክስሉ መካከል ያለ ዝገት ነው፤ ሁለቱ ችግሮች የሚፈልጉት መፍትሔም አንድ አይደለም።

ዝገት እንዲህ አጥብቆ የሚይዝበት ምክንያት ከብረቱ ይልቅ ሰፊ ቦታ ስለሚፈልግ ነው። ብረት ከኦክስጅንና ከውኃ ጋር ተዋሕዶ ዝገት ሲሆን፣ ከተነሣበት ብረት ከሁለት እጥፍ በላይ የሆነ ቦታ ይይዛል። መውጫ በሌለው ቀጭን ክፍተት ውስጥ ይህ ሲፈጠር፣ ዝገቱ እንደ ሽብልቅ ሆኖ ሁለቱን ገጾች ይወጥራል። አክስሉ ካልተበላ በቀለበቱና በአክስሉ መካከል ያለው ክፍተት ከሚሊሜትር መቶኛ እጅ ጥቂት ብቻ ስለሆነ እዚያ ለመሙላት ብዙ ዝገት አያስፈልግም።

የዲስኩ ሞዞ

ሞዞውን ለማውጣት በመጀመሪያ ዲስኩን ከሞዞው የሚያስሩትን አራት ቡሎኖች ፈትተን ዲስኩን ለየነው። የሞዞ መንቀያ በዲስኩ ላይ ማሰር ዲስኩን ማጣመም ነው፤ የጠመመ ዲስክ ደግሞ ፍሬን በተያዘ ቁጥር እጀታውን ያንቀጠቅጣል። ከዚያ ናፍጣና የካምቢዮ ዘይት ቀላቅለን በጥርሶቹ መካከል አፈሰስን፣ ሌሊቱንም እንዲጠጣ ተውነው። በማግሥቱ ጠዋት ዘይቱን በሚገባ ጠርገን ካደረቅን በኋላ ሞዞውን ዙሪያውን በእሳት አሞቅነው። ዘይት በተነከረ ብረት ላይ እሳት ማቅረብም ሆነ በሞቀ ብረት ላይ ዘይት መርጨት እሳት ያስነሣል፤ ረዳቴ ጆንያ ውኃ ነክሮ አጠገባችን እንዲቆም ያደረግሁት ለዚህ ነው። ሞዞው በመንቀያው ተይዞ፣ በአራተኛው ማሞቅ ላይ በአንድ ስለታም ድምፅ ለቀቀ፤ ከዚያ በኋላ ጭራሽ አላስቸገረም።

የኔ ስሕተት

ሞዞው ከወጣ በኋላ ነገሩ ያለቀ መሰለኝ። የተዘረጋውን የአክስሉን ጫፍ በሞረድ ክብ አድርገን ወደ ልኩ መለስነው። ይህ ካልተደረገ አክስሉ ሁሉ ወጥቶ በመጨረሻ ጫፉ በኩሽኔታው ቀለበት ውስጥ አላልፍ ብሎ ይቀረቀራል። በመዶሻ ፋንታም በዘይት ክሪክ የሚሠራ መግፊያ አዘጋጀሁ። ሐሳቡ እንዲህ ነው። መካከሉ ላይ ሰፊ ቀዳዳ ያለው ጠፍጣፋ ብረት በኩሽኔታው ቤት የግራ አፍ ላይ ይደገፋል፤ ከእርሱ ጋር የታሰሩ ሙሉ ጥርስ ቡሎኖች ከቤቱ ጎን አልፈው በቀኝ በኩል ሁለተኛውን ጠፍጣፋ ብረት ይይዛሉ፤ ክሪኩ በሁለተኛው ብረትና በአክስሉ የቀኝ ጫፍ መካከል ይጋደማል። ክሪኩ ሲነሣ አክስሉን ወደ ግራ ይገፋል፣ ቡሎኖቹም ቤቱን ወደ ቀኝ ይስባሉ። የግራው ብረት ቀዳዳ ከ62 ሚሊሜትር በላይ መስፋት አለበት፤ ኩሽኔታው 6206 የሚባለው ዓይነት ስለሆነ የውስጥ ስፋቱ 30፣ የውጭ ስፋቱ 62፣ ውፍረቱ 16 ሚሊሜትር ነው፣ በቀዳዳውም በኩል ከአክስሉ ጋር ሊወጣ ይችላል። ተጋድሞ የሚሠራ የዘይት ክሪክ ፓምፑ ወደ ታች እንዲሆን መዞር አለበት፣ አለዚያ አየር ይስብና አይገፋም።

በእጄ የነበሩት ሁለት ባለ 16 ሚሊሜትር ሙሉ ጥርስ ቡሎኖችና የ10 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ጠፍጣፋ ብረት ነበሩ። ክሪኩ 10 ቶን ነው። ፓምፑን ስንመታ አክስሉ ሦስት ሚሊሜትር ያህል ተንቀሳቀሰ፤ ረዳቴ «ወጣ! ጋሼ፣ ወጣ!» ብሎ ጮኸ፤ ከዚያ ግን ቆመ። ያን ጊዜ ማቆምና ለምን እንደቆመ መጠየቅ ነበረብኝ። እኔ ግን ተጨማሪ ጉልበት ሰጠሁት። አክስሉ ምንም ሳይንቀሳቀስ የቀኙ ጠፍጣፋ ብረት እንደ ቀስት ጎበጠ፤ ክሪኩም ከቦታው ተንሸራቶ መሬት ላይ ወደቀ። ማንም ሰው አልተጎዳም፤ ያልተጎዳውም ረዳቴ ያን ጊዜ በአጋጣሚ ወደ ጎን ስለቆመ ብቻ ነው። ይህን ስጽፍ አሁንም ይከብደኛል።

በዚያ ምሽት ቁጭ ብዬ ማስላት የሚገባኝን ዘግይቼ አሰላሁት። ባለ 16 ሚሊሜትር ቡሎን ጭነት የሚሸከመው የጥርሱ ስፋት 157 ካሬ ሚሊሜትር ነው። ምልክት የሌለበትን ሙሉ ጥርስ ቡሎን ከ4.8 የጥንካሬ ደረጃ በላይ አድርጎ ማሰብ አይገባም፤ የዚያ ደረጃ ብረት ሳይለጠጥ የሚችለው ደግሞ በካሬ ሚሊሜትር 310 ኒውተን ነው። ሁለቱን ብናባዛ አንድ ቡሎን 5 ቶን ገደማ፣ ሁለቱ 10 ቶን ገደማ ይሆናሉ። ክሪኩ ሊገፋ ከሚችለው ጋር እኩል ነው፤ ለስሕተት የቀረ ምንም ትርፍ አልነበረም። በማግሥቱ አራት ቡሎንና የ20 ሚሊሜትር ብረት ተጠቀምን፣ መግፊያውን በሙሉ በወፍራም ጆንያ ሸፈንነው፤ ክሪኩ ጭነት ላይ እያለ በአክስሉ አቅጣጫ ማንም እንዳይቆምም ከለከልሁ።

አክስሉ ለምን ሦስት ሚሊሜትር ሄዶ ቆመ

መልሱ የተገኘው በመብራት ነው። ከቀኙ ኩሽኔታ ወዲህ፣ እስከ ዲስኩ ሞዞ መቀመጫ ድረስ ያለው የአክስሉ ክፍል ለዓመታት ለጭቃና ለውኃ ተጋልጦ የኖረ ነው። በላዩ ላይ የተጋገረ ዝገት በጥፍር ሲነካ ከፍ ብሎ ይታወቅ ነበር። እኛ አክስሉን ወደ ግራ ስንገፋ ያን የዛገ ክፍል በጠባቡ ቀለበት ውስጥ ለማሳለፍ እየሞከርን ነበር ማለት ነው። ቀለበቱ ከያዘበት ቦታ መላቀቁ እውነት ነው፤ ሦስቱ ሚሊሜትር የዚያ ምስክር ናቸው። ነገር ግን ከአንዱ ወጥመድ ወጥቶ ወደ ሌላው ገባ።

ስለዚህ የሄደውን መንገድ መመለስ ነበረብን። በግራው ጫፍ ላይ አሮጌ ዳዶ አስረን፣ የነሐስ ቁራጭ ደግፈን፣ በቀስታ እየመታን ሦስቱን ሚሊሜትር ወደ ቀኝ መለስነው። ከግራ መምታት የተፈቀደው እዚህ ላይ ብቻ ነው። ከዚያም የተጋለጠውን ክፍል በሽቦ ብሩሽ፣ ቀጥሎ በሻካራ፣ በመጨረሻም በለስላሳ ብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ድረስ ዙሪያውን አጸዳነው። ይህ ሥራ ሁለት ሰዓት ያህል ወሰደ። አሰልቺ ነው፤ ከጠቅላላው ሥራ ውስጥ ግን የበለጠ ውጤት ያመጣው ይህ እንደሆነ አምናለሁ። ከመግፋቱ በፊት ቢደረግ ኖሮ ብረቱም አይጎብጥም፣ እኛም አደጋ ላይ አንወድቅም ነበር።

ቀጥሎ ቀለበቱን አሞቅነው። በዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አክስሉንና ቀለበቱን አንድ ላይ በማሞቅ ነው፤ ሁለቱም እኩል ከሞቁ እኩል ይሰፋሉ፣ ምንም አይላላም። የሚያላቅቀው የሙቀት ልዩነቱ ነው። ብረት በአንድ ዲግሪ ከርዝመቱ 12 ሚሊዮንኛ ያህል ይሰፋል። ባለ 30 ሚሊሜትር ቀለበት ከአክስሉ በ80 ዲግሪ ቢበልጥ ስፋቱ በ0.03 ሚሊሜትር ገደማ ይጨምራል። ይህ ከሰው ፀጉር ውፍረት ያነሰ ቢሆንም ዝገቱን ለመስበር ይበቃል። ስለዚህ አክስሉን ከቀለበቱ በስተቀኝ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለን፣ ትንሽ ነበልባል በቀለበቱ ፊት ላይ ብቻ እያዞርን አሞቅነው። የሙቀት መለኪያ ስላልነበረን የውኃ ጠብታ ተጠቀምን፤ በጎንደር ከፍታ ውኃ የሚፈላው ወደ 93 ዲግሪ ግድም ስለሆነ፣ ጠብታው ወዲያው እየዘለለ መጥፋቱ ቀለበቱ ከዚያ በላይ መድረሱን ያሳያል። ኩሽኔታው የሚጣል ስለሆነ ግራሶው ቢቃጠልም አላሳሰበንም። የሚቀየር ባይሆን ኖሮ ይህን አላደርግም።

ክሪኩን በመጠኑ ጭነን፣ ነበልባሉን አንሥተን፣ በአክስሉ ጫፍ አጠገብ ያለውን ብረት በጎን በኩል አንድ ጊዜ በቀላሉ ነካነው። አክስሉ ተንቀሳቀሰ። ጥቂት እየገፋን፣ ሲከብድ እየመለስን፣ የተጸዳውን ክፍል ዘይት እየቀባን ቀጠልን። ማራራቂያ ቱቦው እንደተጠረጠረው በአክስሉ ላይ ተጣብቆ ስለነበር፣ የግራውን ኩሽኔታ ከፊቱ እየገፋ ከቤቱ አስወጣው። ከቀትር በኋላ አክስሉ ኮሮናውን፣ የግራውን ኩሽኔታና ቱቦውን እንደያዘ በእጃችን ላይ ነበር። ባለንብረቱ አጠገባችን በርጩማ ላይ ተቀምጠው ይመለከቱ ነበር፤ ተነሥተው የአክስሉን ጫፍ በጣታቸው ዳሰሱና «እግዚአብሔር ይስጥልን» ብቻ ብለው ተቀመጡ።

የተገኘው

የቀኙ ኩሽኔታ መቀመጫ ላይ ያለው አክስል በቨርኒየር (በውፍረት መለኪያ) ሲለካ 29.6 ሚሊሜትር ሆኖ ተገኘ፤ የግራው 29.98 ነበር። ገጹም በጥቁር ቀይ ደቃቅ ዱቄት ተሸፍኗል። ይህ ዱቄት ተራ ዝገት አይደለም። ቀለበቱ በአክስሉ ላይ በጣም በጥቂቱ ወዲያና ወዲህ ሲፋቅ፣ ከብረቱ የሚነሣው ደቃቅ ፍርፋሪ ወዲያው እየዛገ የሚፈጥረው ነው። ቀለበቱ ለምን ይፋቃል? ሁለቱ ትልልቅ ዳዶዎች የዲስኩን ሞዞ፣ የቀኙን ቀለበት፣ ቱቦውንና የግራውን ቀለበት ከትከሻው ጋር አንድ አድርገው መጨምደድ ነበረባቸው። ዳዶዎቹ ከላሉ ግን ቀለበቱን ከአክስሉ ጋር የሚያስር ነገር የለም። ባለንብረቱ «በእጅ ነው የፈቷቸው» ያሉኝ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። አክስሉ መጀመሪያ ላላ፣ ከዚያ ተበላ፣ በመጨረሻ በራሱ ፍርፋሪ ተጣበቀ። አንድ ዕቃ ከመላላቱ የተነሣ አልወጣ ማለቱ እንግዳ ቢመስልም የሆነው ይኸው ነው።

ውኃው የገባበት መንገድም ታወቀ። በቀኙ ማሸጊያና በዲስኩ ሞዞ መካከል የማዳበሪያ ጆንያ ክር ተጠምጥሞ የማሸጊያውን ከንፈር ቆርጦታል። ክሩ ከማሳ የመጣ እንደሆነ ግልጽ ነው። በተጨማሪ ባለንብረቱ ከሥራ ሲመለሱ ሞተሩን ወዲያው ወንዝ ውስጥ አስገብተው የማጠብ ልማድ ነበራቸው። የሞቀ የኩሽኔታ ቤት በድንገት ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና በማሸጊያው በኩል ውኃ ወደ ውስጥ ይስባል፤ ማሸጊያው የተቆረጠ ከሆነ ደግሞ ከውኃው ጋር ደለሉም ይገባል።

አክስሉን መልሶ መጠቀም ይቻላል ወይስ አይቻልም

በዚህ ላይ ከባለንብረቱ ጋር አልተስማማንም ነበር። የቶርኖ (የብረት መቅረጫ ማሽን) ባለሙያው የተበላውን ቦታ በብየዳ ሞልቶ ወደ 30 ሚሊሜትር መልሶ ለመቅረጽ ፈቃደኛ ነበር፤ ይህ ለብዙ ዘንጎች የሚሠራ ጥገና ነው፣ ዋጋውም አነስተኛ ነው። እኔ ግን እምቢ አልሁ። አክስሉ በሙቀት የጠነከረ ብረት ነው። የብየዳ ሙቀት ከመገጣጠሚያው አጠገብ ያለውን ብረት ባሕርይ ይለውጣል፣ አንዱን ቦታ ያለሰልሳል፣ ሌላውን እንደ ብርጭቆ ያደርገዋል። የተበላው ቦታ ደግሞ ከዲስኩ ጥርሶች ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ የሚርቅ ነው፤ ስንጥቅ የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ከእንዲህ ያለ የጥርስ ሥር ነው። ጭነት በተጫነበት ጎማ አጠገብ የሚሰበር አክስል ደግሞ ሰውን ይጥላል።

«ልጄ፣ ሽንኩርቱ አይጠብቀኝም» አሉ። ልክ ነበሩ። «ጋሼ፣ እርስዎን ጎማ ነቅሎ ከሚጥልዎት አንድ ሳምንት ቢዘገይ ይሻላል፤ ይህን ዘንግ በየጄ አልሰጥዎትም» አልኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና ልጃቸው አዲስ አበባ እንዳለ ነገሩኝ። የአክስሉን ርዝመት፣ የትከሻውን ቦታ፣ የጥርሶቹን ብዛትና የዳዶውን ጥርስ ልክ በወረቀት ሥለን ፎቶግራፍ አንሥተን ላክንለት። ልጁ የመኪና መለዋወጫ በሚሸጥበት ሱማሌ ተራ ፈልጎ ያገለገለ ነገር ግን ያልተበላ አክስል አገኘ፤ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ያለውን መንገድ በአውቶቡስ ተጭኖ ስድስተኛው ቀን ላይ ደረሰልን። ከመግጠማችን በፊት በቶርኖው ላይ አስረን ስናዞረው ከመካከሉ የነበረው መወላገድ ከግማሽ ሚሊሜትር ያነሰ ስለነበር ተቀበልነው።

አገጣጠሙ

ስለ አገጣጠሙ ብዙ የሚባል የለም፤ የአወጣጡ ተቃራኒ ነው። ጥቂት ነጥቦች ግን ከዚህ ጉዳይ ጋር የተያያዙ ናቸው። የኩሽኔታ ቤቱን ውስጥ በናፍጣ አጥበን፣ አድርቀን፣ በቀጭኑ ግራሶ ቀባነው። አዲሶቹ ኩሽኔታዎች በሁለቱም በኩል የጎማ ክዳን ያላቸው ናቸው፤ ሲገቡ የተመቱት በውጭ ቀለበታቸው ላይ በተደገፈ ቱቦ ነው፣ በውስጥ ቀለበቱ ላይ መምታት ኳሶቹን ይቀጠቅጣልና። አክስሉን ከትከሻው እስከ ዲስኩ ጥርሶች ድረስ ሙሉ ለሙሉ ግራሶ ቀባነው። ጥንዶቹን ዳዶዎች እንዳይላሉ በሚያደርግ ሙጫ አስረን፣ አንዱን በአንዱ ላይ በረዥም ኪያቬ አጠበቅን፤ በላያቸው ላይ ከአክስሉ ጋር የሚያገናኝ ነጭ የቀለም መስመር አሠመርን፤ ዳዶው ከላላ መስመሩ ይቆረጣል፣ ይህንም ባለንብረቱ ያለ መሣሪያ በዓይናቸው ማየት ይችላሉ። ኮፒሊያዎቹ አዲስ ናቸው። ጆንያ ክር፣ ሣርና ሽቦ በአክስሉ ላይ እንዳይጠመጠም በየሳምንቱ በጣት እንዲዳስሱ፣ ሞተሩንም ሳይቀዘቅዝ ወንዝ እንዳያስገቡ ነገርናቸው።

ክረምቱ ሲያልቅ አክስሉን ወጣ አድርጎ ግራሶ ለመቀባት ተቀጣጥረን ነበር፤ ባለንብረቱ ግን ቀድመው፣ ለጥምቀት ወደ ከተማ ሲመጡ፣ በጥር መጀመሪያ ይዘውት መጡ። ነጩ መስመር እንደነበረ ነው። ጎማዎቹን፣ ሰንሰለቱን፣ ዳዶዎቹንና የዲስኩን ሞዞ ከፈታን በኋላ ረዳቴ መዶሻ ሊያነሣ ሲል ባለንብረቱ እጁን ያዙት። የአክስሉን የቀኝ ጫፍ በመዳፋቸው ገፉት፤ ዘንጉ ግራሶውን እያሳየ በግራ በኩል ወጣ። የቀኙ ማሸጊያ ውስጡ ደረቅ ነበር፤ በላዩ ላይ ግን የጣት ርዝመት ያለው የጆንያ ክር ተጣብቆ አገኘንና በፒንሳ ነቅለን ለእርሳቸው ሰጠናቸው።